«ከበላይ የመጣ ነው» የሚለውን ሹም ማን «ተጠየቅ» ይበለው?

«መመሪያው ከበላይ አካል የመጣ ነው።» ይህቺን ዐረፍተ ነገር ሰምቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ካለ እጁን ያውጣ። ወረዳ ስትሄድ «ይሄ የክፍለ ከተማ ነው» ይሉሃል። ክፍለ ከተማ ስትደርስ ማዕከል ነው። ማዕከል ስትደርስ የፌዴራል ጉዳይ ይሆናል። ፌዴራል ስትደርስ ደግሞ «የከተማው አስተዳደር ሥልጣን ነው፤ እኛ ጣልቃ አንገባም» ተብለህ በመጣህበት ትመለሳለህ። እኔ ራሴ ለአንዲት ማኅተም አራት ቢሮ ዞሬአለሁ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ልተወው፤ አንባቢ የራሱን አራት ቢሮ ያውቃል።

ሥልጣን ሲከፋፈል ለሕዝብ ይቀርባል ይባላል። ሊቀርብም ይችላል። ግን የተከፋፈለ ሥልጣን አንድ የማይወራለት ጉድ አለው። በሩ ይበዛል፤ በር የበዛበት ቤት ደግሞ ሹሙ ሹልክ ብሎ የሚወጣበትም ይበዛል። እንግዲህ እንዲህ ባለው መንግሥት ውስጥ ከምክር ቤት አባል የሚጠበቀው የመጀመሪያው ሥራ ንግግር ማሳመር አይደለም። ሹሙን ጨብጦ «ይህ ጉዳይ የማን ነው? የአንተ ነው ወይስ አይደለም?» ማለት ነው። ይህ ሳይለይ የሚጠየቅ ጥያቄ ሁሉ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ ሲንከራተት ይውላል።

አባቶቻችን ይህን በደንብ ያውቁት ነበር። በዛፍ ጥላ ሥር በሚዋለው ችሎት ተሟጋች ተነሥቶ «ተጠየቅ!» ካለ የተባለው ሰው ወይ ይመልሳል ወይ ይረታል፤ መሐል ቤት የለም። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ተያይዘው ይሄዱ ነበር፤ ጉዳዩ ሳያልቅ አንዱ ካንዱ አይለይም። የዘመኑ ምክር ቤትም፣ በደህና ቀኑ፣ ሌላ ነገር አይደለም። የጠያቂና የተጠያቂ ኩታ የሚቋጠርበት ቦታ ነው።

ይህ ቁራኛ ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት አንባቢን ወደ ስኮትላንድ ልወስድ ነው። «አሜሪካ እያለ፣ ጀርመን እያለ ስኮትላንድ ምን ልትሆን?» የሚለኝ ይኖራል። ምክንያት አለኝ። አሜሪካና ጀርመን ፌዴሬሽን ናቸው፤ ግዛቶቻቸው ሥልጣናቸው በሕገ መንግሥት የታሰረ ነው። የስኮትላንድ ምክር ቤት ግን ሥልጣኑን ያገኘው የለንደኑ ፓርላማ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ነው። ሰጪው ሌላ፣ ተቀባዩ ሌላ። በዚህ በኩል የእኛዋ አዲስ አበባ ትመስላታለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ለነዋሪዋ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጥና፣ እዚያው አንቀጽ ላይ የከተማው አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው ይላል። ቻርተሯን የሚያወጣውም የሚያሻሽለውም የፌዴራሉ ምክር ቤት ነው። ሥልጣኑ ከላይ የወረደለት መንግሥት «ከበላይ ነው» ለማለት የሚቀድመው የለም። ስኮትላንዶቹም ይሉታል፤ እመጣበታለሁ።

ስኮትላንዶች የራሳችን ምክር ቤት ይኑረን ወይስ አይኑረን ተብለው በመስከረም 1997 እ.ኤ.አ. ተጠየቁ፤ ድምፅ ከሰጡት ውስጥ ከመቶ 74ቱ ይኑረን አሉ። ምክር ቤቱ በ1999 ተቀመጠ። 129 አባላት አሉት፤ 73ቱ በየምርጫ ክልሉ፣ 56ቱ ደግሞ ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን ከዝርዝር ይገባሉ። ይህ አመራረጥ አንድ ፓርቲ ብቻውን ምክር ቤቱን እንዳይውጠው ታስቦ የተሠራ ነው። በ2007 መንግሥት የመሠረተው የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ከ129ኙ ወንበር የያዘው 47 ብቻ ነበር። አርባ ሰባት ይዞ አገር ሲያስተዳድር አራት ዓመት ቆየ፤ በየሳምንቱም ከራሱ የሚበዙ ጠያቂዎች ፊት ይቆም ነበር።

የመንግሥቱ መሪ «ቀዳሚ ሚኒስትር» ይባላል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚለው ስም የለንደኑ ነው። ምክር ቤቱ ሥራ ላይ በሆነበት ወቅት ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ በእኩለ ቀን ይህ ሰው ይቆምና ይጠየቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሪፖርት ሲያቀርብ አይደለም፤ በየሳምንቱ ነው። የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች ቀድመው ይጠይቃሉ፤ አንድ ጠይቀው አይቀመጡም፣ መልሱን ይዘው ደግመው ይነሣሉ። ከዚያ ተራ አባላት ይከተላሉ። አፈ ጉባኤው ከተመረጠበት ቀን ጀምሮ የፓርቲውን ካባ አውልቆ ነው የሚቀመጠው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመት የተቃዋሚው መሪ በወረቀት አስቀድሞ የሚያስገባው ጥያቄ «ቀዳሚ ሚኒስትሩ ዛሬ ምን ምን ፕሮግራም አላቸው?» የሚል ባዶ ነገር ነበር። ፕሮግራሙ ማንን ይገደዋል? ዘዴው ግን ወዲህ ነው። ዋናው ጥያቄ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፤ ተጠያቂው ደግሞ ምን እንደሚመጣበት ሳያውቅ ስለ ሆስፒታሉም ስለ ትምህርት ቤቱም ስለ ባቡሩም ተዘጋጅቶ እንዲመጣ ይገደዳል። ጥያቄው ከሳምንት በፊት ተልኮለት፣ መልሱ በጽሕፈት ቤት ተጽፎለት፣ ካሜራ ፊት ከሚያነብ ሹም ጋር ልዩነቱን አንባቢ ያስተያይ።

ጨዋታው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እዚያም የገዥው ፓርቲ አባል ይነሣና «ቀዳሚ ሚኒስትሩ ይህ ትልቅ ስኬት መሆኑን ከእኔ ጋር ይስማማሉ?» ይላል። ይስማማሉ እንጂ፣ ለምን አይስማሙ! ውዳሴን የጥያቄ ልብስ አልብሶ ማቅረብ እኛ ብቻ የምናውቀው ጥበብ አይደለም። ሹሙ ስለ ሆስፒታል ተጠይቆ ስለ ለንደን መንግሥት ክፋት ሲመልስም አፈ ጉባኤው «አልመለስክም» ብሎ ሊያስቆመው አይችልም፤ የመልሱን እውነትነት መዳኘት ሥራው አይደለም። የሐሙሱ ቀን ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከቲያትር ብዙም አይለይም ነበር።

ኩታውን የሚቋጥረው የጽሑፍ ጥያቄ ነው። ማንኛውም አባል፣ ተቃዋሚ ይሁን ደጋፊ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ ያስገባል። ጥያቄው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለሕዝብ ይወጣል። ሚኒስትሩ በመደበኛው ጊዜ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። መልሱም በስሙ ይወጣል። ቢያድበሰብስ አባሉ ከመልሱ አንዲት ቃል ይዞ ሁለተኛ ያስገባል፤ ሦስተኛ ያስገባል። አዳራሽ ውስጥ የተነገረው እያንዳንዱ ቃልም ተጽፎ በዚያው ዕለት ማታ ይወጣል። ከዚህ ላይ አንድ ደንብ ይጨመራል። አውቆ ምክር ቤቱን ያሳሳተ ሚኒስትር ሥልጣኑን እንዲያስረክብ ይጠበቃል፤ ሳያውቅ የተሳሳተም ቶሎ ማረም አለበት። መዋሸት በሕግ ስለተከለከለ ሰው መዋሸት አይተውም። የዋሸበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ ሲቀመጥ ግን ውሸቱ ዕዳ ይሆናል።

ይህ ዕዳ ሲከፈል አይተናል። የጤና ሚኒስትር የነበሩት ማይክል ማቲሰን በ2022 መጨረሻ ከቤተሰባቸው ጋር ሞሮኮ ለዕረፍት ሄደው ሲመለሱ፣ ምክር ቤቱ በሰጣቸው አይፓድ ላይ ወደ 11 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ የኢንተርኔት ሂሳብ መጣ። ለሥራ የተጠቀምኩበት ነው አሉ። ሂሳቡም ከሕዝብ ገንዘብ ተከፈለ። በኅዳር 2023 ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። አለቃቸው ሐምዛ ዩሱፍም ተከላከሉላቸው። ጠያቂዎቹ ግን አንዲት ቀላል ነገር ያዙ፤ ከእርስዎ ሌላ በዕቃው የተጠቀመ ሰው አለ? ሰውየው በመጨረሻ አዳራሹ ውስጥ ቆመው ልጆቻቸው ኳስ ሊያዩበት እንደተጠቀሙ ተናዘዙ። ሂሳቡን ራሳቸው ከፈሉ፤ በየካቲት 2024 ከሚኒስትርነት ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ለ27 የስብሰባ ቀናት አገዳቸው። ለኳስ ነው! በእኛ አገር ኳስ ያየ ሚኒስትር ቀርቶ ሜዳውን የሸጠ ሚኒስትር በስንት ቀን ይታገዳል?

ጠያቂም ቢሆን ከቁራኛው አያመልጥም። በ2001 ቀዳሚ ሚኒስትር የነበሩት ሄንሪ ማክሊሽ ቢሯቸውን ለሌላ አከራይተው ሂሳቡን በአግባቡ ሳያሳውቁ ቀርተው ነበርና በጥያቄ ተወጥረው ለቀቁ። አጥብቀው ከጠየቋቸው አንዱ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ዴቪድ ማክሌቺ ነበሩ። በ2005 ደግሞ እኒሁ ማክሌቺ በታክሲ ሂሳብ ተጠየቁና እሳቸውም ከፓርቲ መሪነታቸው ወረዱ። የታክሲ ደረሰኝ ነው ያወረዳቸው።

ከሁሉ የሚያስተምረው የመርከቦቹ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጥያቄ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አብሮ ይታያል። ስኮትላንድ ደሴት የበዛባት አገር ናት። ለደሴት ሰው መርከብ ማለት ለእኛ አውቶቡስ ማለት ነው። በ2015 መንግሥት ሰውና መኪና የሚያሻግሩ ሁለት መርከቦች በክላይድ ወንዝ ዳር ባለ አንድ የመርከብ ፋብሪካ እንዲሠሩ በ97 ሚሊዮን ፓውንድ አዘዘ። በኅዳር 2017 የመጀመሪያዋ ውሃ ላይ ወረደች። ቀዳሚ ሚኒስትሯ ኒኮላ ስተርጅን መረቋት፤ ፎቶ ተነሡ። መርከቧ ግን መስኮቶቿ በቀለም የተሳሉ ነበሩ! ምርቃት ላይ ሪባን ተቆርጦለት ማግሥቱን የተዘጋ ፕሮጀክት የምናውቅ እኛ ይህን ስንሰማ ብዙም አልደነቀንም።

ከዚያ ዓመታት ሄዱ። ፋብሪካው ተንገዳግዶ በ2019 መንግሥት ወረሰው። ዋጋው ከመጀመሪያው ውል ከሦስት እጥፍ በላይ ሄደ። በነዚህ ዓመታት ሁሉ የተቃዋሚ አባላት አንዲቷን ጥያቄ ሲመላለሱባት ኖሩ። መርከቦቹን የሚረከበው የመንግሥት ኩባንያ ራሱ፣ ሠሪው በቂ ዋስትና አላስያዘምና ሥጋት አለኝ ብሎ ነበር፤ ታዲያ ሥጋቱን አልፎ «ይፈረም» ያለው ማን ነው? መልሱ ሲጠማዘዝ ኖረ። በመጋቢት 2022 ዋናው ኦዲተር ሚኒስትሮቹ ያን ሥጋት ለምን እንደተቀበሉ የሚያስረዳ በቂ ሰነድ የለም ብሎ ሪፖርት አወጣ። ጠያቂዎቹ ይህን ይዘው ባሰባቸው። በግንቦት 2022 የለም ሲባል የነበረው ወረቀት ተገኘ፤ በጥቅምት 2015 የተጻፈ ኢሜይል ነው፤ በወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበሩት ዴሪክ ማካይ መፍቀዳቸውን ያሳያል። ማካይ ያን ጊዜ ከመንግሥት ከወጡ ቆይተዋል። ተቃዋሚዎቹ ጥፋቱን በሄደ ሰው ላይ ማላከክ ነው ብለው ጮኹ፤ ሰውየውም በ2022 መስከረም ኮሚቴ ፊት ቀርበው ተጠየቁ።

ይህ ሁሉ ጥያቄ መርከቧን አንድ ቀን አላፈጠናትም። የመጀመሪያዋ መርከብ መንገደኛ የጫነችው በጥር 2025 ነው፤ ከታሰበው ሰባት ዓመት ያህል ዘግይታ። ስትመጣም በድሮው ወደብ መቆም ስላልቻለች ከሌላ ወደብ መነሣት ግድ ሆነባት። ለአራን ደሴት ሰው እንግዲህ የአዳራሹ ክርክር ምን ፈየደለት? አንድ ነገር ፈይዶለታል እላለሁ። የፈቀደው ሰው ስም፣ ቀኑና ወረቀቱ ታውቋል። «ከበላይ ነው» የሚባልበት በር ተዘግቷል።

ያ በር እዚያም አለ ብዬ ነበር። የኤደንብራ ሚኒስትሮች ሲጨንቃቸው ለንደንን ያነሣሉ፤ ገንዘቡን የቆረጠብን የለንደን መንግሥት ነው ይላሉ። ብዙ ጊዜም ውሸት የለበትም፤ ከበጀታቸው ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከለንደን ነው። ነገር ግን የ1998ቱ ሕግ ለለንደን የቀሩትን ጉዳዮች አንድ በአንድ ጽፎ አስቀምጧል፤ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ኢሚግሬሽንና የመሳሰሉት። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ያልተጻፈው ሁሉ የኤደንብራ ነው። ስለዚህ ጤናም፣ ትምህርትም፣ ቤትም፣ መርከብም የኤደንብራ ነው፤ ጠያቂው «ለንደን የሰጠህን ተወውና አንተ በተሰጠህ ምን ሠራህ?» ለማለት መሬት አለው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ቻርተር መሠረት ከንቲባውን የሚመርጠው፣ የከተማውን በጀት የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። ወንበሩ 138 ነው። በግንቦት 1997 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ ከ138ቱ 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። ከዚያ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፤ እንግባ አንግባ ሲባል መሪዎቹ ወኅኒ ወረዱ፤ ከንቲባ ይሆናሉ የተባሉት ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ታሰሩ፤ ከተማዋ በባለአደራ ተያዘች። በ2000 ዓ.ም. ሌላ ምርጫ ተደረገና ከ138ቱ 137ቱ የኢሕአዴግ ሆኑ። ቁጥሩን ልብ በሉ። የከተማው ሕዝብ በሦስት ዓመት ውስጥ ልቡን እንዲህ ገለበጠ ብሎ የሚያምን ካለ ይመን። በ2010 ዓ.ም. የምክር ቤቱ ዘመን አለቀ፤ በምርጫ ፋንታ ዕድሜው ተራዘመ። ያው ዓመት ቻርተሩ ተሻሽሎ የምክር ቤቱ አባል ያልሆኑት ኢንጂነር ታከለ ኡማ ከተማዋን እንዲመሩ ተሾሙ። እንግዲህ ምክር ቤቱ መሐሉ ተቀምጦ የማያውቅን ሰው፣ ያውም ከላይ ተቆርጦ የመጣለትን፣ እንዴት አድርጎ «ተጠየቅ» ይለዋል?

ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ አዲስ መላ መጣ። ምክር ቤቱ እንደገና የገዥው ፓርቲ ሆነ፤ ከተቃዋሚው ወገን ግን የተወሰኑ ሰዎች ሥልጣን ተሰጣቸው። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ከ2002 እስከ 2007 ዓ.ም. በ547 ወንበር መካከል ብቻቸውን ተቃዋሚ ሆነው የኢሕአዴግን መንግሥት ሲጠይቁ የኖሩት አቶ ግርማ ሰይፉ ደግሞ በከተማዋ አስተዳደር የኢንቨስትመንት ኮሚሽን ኃላፊ ተደረጉ። ሹመቱን እንደ መቻቻል ያዩት አሉ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ጠያቂ ይሆኑ የነበሩት ሰዎች ተጠያቂ ሆነው ተሾሙ፤ የጠያቂው ወንበር ባዶውን ቀረ።

በከተማው ምክር ቤት ጥያቄ አይነሣም አላልኩም። ይነሣል። ውሃ ይነሣል፣ መንገድ ይነሣል፣ የቤት ኪራይ ይነሣል። ነገር ግን ወንበሩን ከተጠያቂው ፓርቲ የተቀበለ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ርዝመቱ የታወቀ ነው። አንዴ ይጠይቃል፤ ይመለስለታል፤ ያመሰግናል። ሁለተኛዋ ጥያቄ፣ ያቺ «አልመለሱልኝም» የምትለዋ፣ አትመጣም።

ነገር ግን ፓርቲ እስኪለወጥ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ አልልም። የጽሑፍ ጥያቄን ቁጥር ሰጥቶ መመዝገብ፣ የመልስ ቀን መቁረጥ፣ መልሱን ለሕዝብ ማውጣት ብዙ ብር አይጠይቅም። የገዥው ፓርቲ አባልም ቢሆን የመረጠው ሰፈር አለው፤ ሰፈሩ የፈረሰበት ደግሞ ብዙ ነው።

ለጅምር የሚሆን ጥያቄ ካስፈለገ ፒያሳ አለች። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳ ስትፈርስ፣ ይፍረስ ብሎ የወሰነው የትኛው አካል ነው፤ የከተማው ካቢኔ ነው ወይስ የፌዴራሉ መንግሥት? በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቃለ ጉባኤ? ከምክር ቤቱ የቀረበለት ነገር ነበር? ገንዘቡ ምክር ቤቱ ካጸደቀው በጀት ነው የወጣው ወይስ ከሌላ ኪስ? ከተነሡት ውስጥ የቀበሌ ቤት ተከራዩ ስንት፣ ባለ ይዞታው ስንት፣ ተከራይቶ ይሠራ የነበረው ነጋዴስ ስንት ነበር፤ ለእያንዳንዱስ ምን ተሰጠው? በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ ከሰፈራቸው የተነሡት ልጆች የት ትምህርት ቤት ገቡ?

እነዚህ ጥያቄዎች የማንም ፓርቲ ንብረት አይደሉም። ይህን ጋዜጣ የሚያነብ የምክር ቤት አባል ካለ፣ እንዳለም እንሰማለን፣ ቀድቶ በስሙ ቢያስገባቸው አንከሰውም። መልሱ ሲመጣ፣ ካስፈለገም «ከበላይ ነው» የሚለው መልስ ራሱ፣ ከነፈረመበት ሹም ስም በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።